በ63ኛው ደቂቃ ምን ትሉ ነበር?

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። አምልኮው አልቆ፣ ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ምሳ ከበላን በኋላ ብዙዎቻችሁ የት እንደ ሄዳችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነበርኩና። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቶተንሃምና አርሰናል ይጫወታሉ። አምቦ ውስጥ የገባሁበት ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚው ሞልቶ፣ ዘግይቶ የመጣው በር ላይ ተደራርቦ ቆሟል። በጊንጪም፣ በጉደርም፣ በጌዶም ከዚህ የተለየ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። በአማርኛ ኳስ እንበለው በኦሮምኛ ኩባ ሚላ፣ የሰሜን ለንደን ደርቢ ዕለት የሁላችንም ጩኸት አንድ ነው።

ኳስ የማትከታተሉ እኅቶችና ወንድሞች ትንሽ ታገሡኝ። ደርቢ ማለት ጎረቤት የሆኑ ሁለት ክለቦች የሚያደርጉት ጨዋታ ነው፤ በእኛ አገር ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ እንደሚሆነው። ከሌላው ጨዋታ የሚለየው ሽንፈቱ ሳምንቱን ሙሉ አብሮ ስለሚሄድ ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታም ክፍል ውስጥም የሚያበሽቅ ሰው አይጠፋም።

በዚያ ቀን አርሰናል ጎዶሎ ነበር። ዴክላን ራይስ በቀይ ካርድ ታግዷል፤ አምበሉ ማርቲን ኦዴጋርድ ለኖርዌይ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቷል። አሰልጣኙ ሚኬል አርቴታ ታዲያ ያልለመድነውን አደረገ። ኳሱን ለቶተንሃም ትቶ ቡድኑን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ አራት አራት ሆነው በሁለት መስመር ተደርድረው ጠበቁ። አብሬያቸው የተቀመጥኩት ደጋፊዎች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ላስታውሳችሁ። «ሰውየው ፈርቷል።» «ይሄ ነው አርሰናል?» ከጀርባዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ደግሞ የአርሰን ቬንገርን ዘመን እያነሣ አዘነ። አልፈርድበትም። ቬንገር ከ1996 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. 22 ዓመት ሲያሠለጥን፣ በተለይም በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ሲጨርስ ያየ ሰው ለኳስ ያለው ዓይን ተበላሽቷል፤ ማለቴ ቆንጆ ብቻ ነው የሚያምረው። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ።

በ64ኛው ደቂቃ ቡካዮ ሳካ የማዕዘን ምት አሻማ። ጋብሪኤል ከፍ ብሎ በጭንቅላቱ ገጨው። ጎል። ጨዋታው በዚያው 1 ለ 0 አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ቤት ብትሰሙት! አሰልጣኙ ሊቅ ሆነ። መከላከሉ ፍርሃት መሆኑ ቀርቶ ብልሃት ተባለ። ከጀርባዬ የነበረው ጎልማሳ እንኳን የቬንገርን ዘመን ረስቶ አንዱን የማያውቀውን ልጅ አቅፎ ይዘላል። ሳቅሁ፤ እኔም ዘልያለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ ተከተለኝ። በ63ኛው ደቂቃና በ65ኛው ደቂቃ መካከል አሰልጣኙ ምን የለወጠው ነገር አለ? ታክቲኩ ያው ነው። ተሰላፊዎቹም በጠዋት ያሰበውን አሳብ ይዘው ነው የቆሙት። የተለወጠው ውጤቱ ብቻ ነው። ታዲያ ያን ያህል ሰው በ63ኛው ደቂቃ ፈራጅ ከነበረ፣ በ65ኛው ደቂቃ ያ ፍርድ የት ሄደ?

ነገሩ በዚያ እሑድ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። በሳምንቱ፣ መስከረም 12 ምሽት፣ አርሰናል ማንችስተር ሲቲ ሜዳ ሄደ። ሲቲ ቀድሞ አገባ፤ አርሰናል አቻ ሆነ፤ ከዚያም ከእረፍት በፊት ያው ጋብሪኤል ያንኑ የማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ገጭቶ 2 ለ 1 አደረገው። ወዲያው ትሮሳርድ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። በአሥር ሰው የቀረው አርሰናል ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ተከላከለ። እስከ 98ኛው ደቂቃ። በ98ኛው ደቂቃ ጆን ስቶንስ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። «ፈሪ!» አለ ያ ሁሉ ቤት። ባለፈው እሑድ ሊቅ የተባለው ሰው ዘንድሮም ያው ሰው ነው፤ መከላከሉ እንዲያውም ከባለፈው የበረታ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ትንሽ ቀደም ብሎ ቢነፋ ኖሮ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጀግንነት ስናወራ እንከርም ነበር።

የሐዋርያት ሥራ 28ን ታስታውሳላችሁ። ጳውሎስ ከመርከብ ስብራት ተርፎ መላጥያ ደሴት ላይ የሰበሰበውን ጭራሮ ወደ እሳት ሲጨምር እፉኝት እጁን ያዘችው። የደሴቲቱ ሰዎች ወዲያው ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት አሉ፤ ከባሕር ቢያመልጥም ፍትሕ አለቀቀውም ብለው። ያብጣል፣ ወድቆ ይሞታል ብለው ጠበቁ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ልብ በሉ፤ ከነፍሰ ገዳይነት ወደ አምላክነት የተሻገረው ሰው እፉኝቷን ወደ እሳቱ ከማራገፍ በቀር ምንም አላደረገም። ሉቃስ ይህን ሲጽፍ ፈገግ ያለ ይመስለኛል። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም በብርድና በዝናብ እሳት አንድደው የተቀበሉ ደጎች ናቸው። ደግ ሰው መሆንና ፈራጅ መሆን ግን ሁለት ነገር ነው። እነሱ ሁለቱንም ጊዜ አልፈረዱም፤ ውጤቱን አይተው ስም ሰጡ እንጂ።

እኛ ይህን ከዲኤስቲቪ ቤት ውጭም እናደርገዋለን፤ በቤተ ክርስቲያንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት መልስ በስልክ ሲዞር፣ አንዱ ሲያስገለብጥ ሌላው ሲገለብጥ እንደ ነበር የማያውቅ የለም። እነዚያ ዓመታት ግን በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ የምስክርነት ዓመታት ነበሩ። ያለፈ ሁሉ ተነሥቶ ጌታን አመሰገነ፤ እኛም አጨበጨብን። «እንዴት አለፍክ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላስታውስም። ፈተናው የሚሰጥበት መንገድ ሲለወጥ ደግሞ ያ መድረክ ባዶ ሆነ። ሌሊት በኩራዝ ያጠናችው፣ ማንንም ያልገለበጠችው እኅት 48 በመቶ አምጥታ በኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራ ስትቀመጥ፣ ጌታ ያልሰማት ያህል አየናት። ጌታ ያልሰማት ማን ነው ያለው? ቁጥሩ ነው ያለው፤ እኛም ለቁጥሩ አሜን አልን።

አንዳንዶቻችሁ አሁን አንድ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በጥናት ቡድን ውስጥ ተነሥቷልና። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 7 ዛፍን በፍሬው እወቁት ብሎ የለም ወይ? ፍሬ ደግሞ ውጤት አይደለም ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በችኮላ የሚመለስ አይደለም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ፍሬ ከዛፉ ዓይነት የሚወጣ ነገር ነው። ማንጎ ማንጎን የሚያፈራው በዕድል አይደለም፤ ወቅቱን ጠብቆ፣ ደግሞ ደጋግሞ ያፈራል። ነፋስ ከጎረቤት ግቢ አንድ ማንጎ ጥሎልኝ ቢያድር የእኔ ዛፍ አፈራ አልልም። እስቲ ወደ ኳሱ እንመለስ። የጋብሪኤል ጎል ነፋስ የጣለው አልነበረም። አርሰናል በ2021 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ዦቨር የሚባል የቆመ ኳስ ብቻ የሚያሠለጥን ባለሙያ አመጣ። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን በረኛውን እንደሚያጨናንቅ፣ ማን ከኋላ ሮጦ እንደሚገባ በየሳምንቱ ይለማመዳሉ። ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው በቶተንሃም ሜዳ 3 ለ 2 ሲያሸንፉም ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱ ከማዕዘን ምት የመጡ ነበሩ። መስከረም 5 ቀን ደገሙት፤ መስከረም 12 ቀንም። ይህ ፍሬ ነው። ስቶንስ በ98ኛው ደቂቃ አገባ ወይም አላገባ ይህን አይለውጠውም። ፍሬውን ያየ ሰው በ63ኛው ደቂቃም ቢሆን፣ ገና 0 ለ 0 ሳለ፣ «ይህ ሰው በያዘው ሰው የሚቻለውን አስቦ ነው የገባው» ሊል ይችል ነበር። እኔ አላልኩም። ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነበር።

የአጨዋወት ለውጡ ራሱስ? ቆንጆ ኳስን ትቶ መከላከል ክህደት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ምንም እንኳ ለቬንገር ዘመን ዓይኔ ቢያለቅስም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታክቲክን በተመለከተ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት እወዳለሁ።

አንዱ ዳዊት ነው፤ 2ኛ ሳሙኤል 5። ፍልስጥኤማውያን በራፋይም ሸለቆ ወጡበት። እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ ውጣ ተባለ፤ ወጣ፤ አሸነፈ። ጠላት ተመልሶ በዚያው ሸለቆ ሰፈረ። ዳዊት በእጁ የሠራ ታክቲክ አለው፤ ያውም የተረጋገጠ። እንደገና ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ግን ፊት ለፊት አትውጣ፣ በኋላቸው ዙር ተባለ። አሸናፊ ሆኖ ሳለ ለወጠ። ብዙ ጊዜ ሰው ታክቲክ የሚለውጠው ሲሸነፍ ነው፤ ዳዊት ያሸነፈበትን መንገድ እንኳ አላመለከውም።

ሁለተኛው ሙሴ ነው፤ ዘኍልቍ 20። ከብዙ ዓመት በፊት በኮሬብ ዓለቱን ምታ ተብሎ መትቶ ውኃ ወጥቶለት ነበር። አሁን በመሪባ ለዓለቱ ተናገር ተባለ። ሙሴ ተቆጥቶ ነበርና በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። መታው፤ ውኃው ገና አልወጣም። ይህ የሙሴ 63ኛ ደቂቃ ነው። ከዚያ ውኃው ወጣ፤ ያውም ብዙ ውኃ። ሕዝቡ ጠጣ፣ ከብቱም ጠጣ። በዚያ ሰዓት በጉባኤው መካከል ቆመን ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር? «ሙሴ ሊቅ ነው!» ማን ስለ ታዘዘው ቃል ያስባል? ጥሙ ረክቷል። እግዚአብሔር ግን ውኃው እየፈሰሰ፣ ሕዝቡ እየጠጣ፣ ወደ ምድሪቱ አታገባቸውም አለው። እኔ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ቦታ ጥቂት ነው። ውጤቱ በሙሉ መጣ፤ ሥራው ግን ስሕተት ነበር። የመጣው ውኃ ሕዝቡን ስለሚወድ የመጣ ውኃ ነው፤ ለሙሴ ምታት የተሰጠ ድጋፍ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ እኔው አስተማሪ ተብዬው የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ልጁም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

በዚህ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ የማገለግላቸው መዘምራን አሉ። ኪቦርዳቸው ተበላሽቶ ለማሠሪያ ብር አዋጡ፤ ብሩም አንድ ታማኝ ወጣት ዘንድ ተቀመጠ። ታማኝ ያልኩት በሽሙጥ አይደለም፤ ታማኝ ነበር። ይህ ወጣት በደርቢው ዋዜማ ቤቲንግ ቤት ገብቶ የመዘምራኑን ብር በሙሉ አርሰናል ያሸንፋል ብሎ አስያዘው። ጋብሪኤል ገጨ። ብሩ እጥፍ ሆነ። ረቡዕ ዕለት አዲስ አበባ ሄዶ፣ አሮጌውን ማሠራቱን ትቶ፣ ያገለገለ ግን የተሻለ ኪቦርድ ገዝቶ መጣ። መዘምራኑ በደስታ ዘለሉ። ብሩ እንዴት በረከተ ብለው ሲጠይቁት «ጌታ ባረከ» አላቸው።

ለእኔ ግን እውነቱን ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ምን አደረግሁ? «ተው እንጂ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁትና ስለ ጎሉ ማውራት ጀመርን። አዎ፣ ስለ ጎሉ።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባል የለ? በሳምንቱ እናቱ በጉደር ገበያ ሽንኩርት ሸጠው ለኮሌጅ መመዝገቢያ የሰጡትን ብር አስያዘ፤ አርሰናል ሲቲን ያሸንፋል ብሎ። 97ኛው ደቂቃ ላይ አሸናፊ ነበር። 98ኛው ላይ እናቱ ፊት የሚቆምበት አፍ አልነበረውም።

ሰኞ ማታ ጠራሁት። በእርግጥም አስተማሪ ሆንኩ። ስለ አደራ፣ ስለ ስግብግብነት፣ ስለ እናት ላብ ተናገርኩ፤ ጥቅስም አላነሰኝም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንትም እኮ እኔው ነበርኩ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ በክፋት ሳይሆን ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ፣ «ስቶንስ ባያገባ ይጠሩኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልጠራውም ነበር። ይህን ለራሴ አውቀዋለሁ። ምናልባት ምዝገባውን ከፍሎ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ቢመጣ፣ ጎበዝ ልጅ ብዬ አመሰግነው ነበር ይሆናል። የሌላውን አደራ ማስያዙ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ትኬቱን በቆረጠበት ቅጽበት ያለቀ ነገር ነው፤ ኳሱ ገና ሳይነሣ። ከዚያ በኋላ ጋብሪኤል ያድርግ ስቶንስ ለልጁ ሥራ የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም የላቸውም። እኔ ግን ልጁን በሁለት እንግሊዝ አገር በሚጫወቱ ተከላካዮች ጭንቅላትና እግር ፈረድኩት። እሱ በብር ተወራረደ፤ እኔ በእሱ ተወራረድኩ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ሰኞው ተግሣጽ አይደለም፤ ስለ ረቡዑ ሳቄ። ከዚያ አብረን እናቱ ዘንድ ሄድን። ያን ቀን አልተርከውም፤ የእሳቸው ነውና። ቀጥለን መዘምራኑን ሰበሰብናቸውና ራሱ ቆሞ ነገራቸው።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ ኪቦርዱ ምን አደረገ፣ መሣሪያ ነው፣ ጌታ ክፉውን ለበጎ ለውጦታል አለ። ሌላው ዮሴፍን ጠቀሰ። ከሶፕራኖዎቹ አንዷ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ፣ «ቶተንሃም አግብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ስለ ሌብነት ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ስለ እሱው እናውራ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁም «ልክ ናት» አለ፤ እፎይ ያለም መሰለኝ።

ኪቦርዱ እንዲሸጥና ያዋጡት ብር ወደ ሣጥኑ እንዲመለስ ተስማሙ። አሮጌውም ተሠርቷል፤ ሁለት ቁልፎቹ አሁንም አይሰሙም። የቀረው ትርፉ ነው። ለድሆች ይሰጥ ያሉ አሉ፤ ለእናቱ ይመለስ ያሉም አሉ። አንዱ የማቴዎስ 27ን ካህናት አስታውሶ፣ እነሱም ብሩን ወደ መባ ሣጥን አንጨምርም ብለው መሬት ገዙበት፣ ግን እጃቸው ነጻ ሆነ ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ላይ ተከራከርንና መሸ። ብሩ በፖስታ ታሽጎ እኔ ዘንድ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ እንደገና እንሰበሰባለን። በዚያን ቀን ምሽት ጨዋታ አለ፤ ስብሰባው ከጨዋታው በፊት ይሁን ብለናል።